ቦርከናን ተከትሎ፦ ማሳውንና ጭስ ማውጫውን በአንድ ፎቶ ማንሳት (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ኮምቦልቻ ዙሪያ ካሜራ አንግቶ የሚዞር ሰው ጥያቄ አያጣም። ከደሴ የሚመጡ ወጣቶች ይጠይቃሉ፣ የፋብሪካ ጥበቃዎች ይጠይቃሉ፣ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጠይቃሉ። የልጆቹን ለጊዜው ትቼ የፎቶ አንሺዎቹን እዚህ ሰብስቤያለሁ። አንዳንዱ መልስ ረዝሟል፣ አንዳንዱ ሁለት መስመር በቅቶታል።

ባሕር በሌለበት አገር የውሃ ዳር የፎቶ ጉዞ ይኖራል እንዴ?

ይኖራል። ባሕር ያላቸው አገሮች ላይ ይህን ዓይነት ፎቶ የሚወዱ ሰዎች የባሕሩን ዳር ይዘው ይሄዳሉ። በአንድ በኩል በግ ይግጣል፣ በሌላ በኩል የነዳጅ ማጣሪያ ይጨሳል። እኛ ያለን ወንዝ ነው። ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ተነስቶ፣ ደሴን አልፎ፣ ኮምቦልቻን አቋርጦ፣ በሐርቡ በኩል ወደ ከሚሴ ይወርዳል። መጨረሻው የአዋሽ ተፋሰስ ነው።

ፋብሪካዎቹ እዚህ የተሰበሰቡት እንዲሁ በአጋጣሚ አይደለም። ጨርቃ ጨርቅ፣ ቆዳና ቢራ ውሃ ይፈልጋሉ። የአዲስ አበባው መንገድና በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ የሚገናኙትም እዚሁ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ተራራ በበዛበት ወሎ ሜዳ ብርቅ ነው። ለበሬ የተመቸው ሜዳ ለፋብሪካም ይመቻል። ማሳውና ጭስ ማውጫው አጥር ለአጥር የሆኑት ሁለቱም ያንኑ መሬት ስለሚፈልጉ ነው። ይህን ከያዛችሁ ምን እንደምታነሱ ግማሹን አወቃችሁ።

ደሴ ላይ ቆሜ ባነሳስ? ለምን ኮምቦልቻ?

ደሴ ለሌላ ሥራ ሸጋ ናት። የጦሳን ተራራ፣ ጭጋጉን፣ ተራራ ላይ የተንጠላጠለውን ከተማ ማንሳት ከፈለጋችሁ እዚያው ቆዩ። የእርሻና የፋብሪካ ጉርብትና ግን ኮምቦልቻ ነው የሚገኘው። በሁለቱ መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው፤ የከፍታ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናቸው። ስትወርዱ ጃኬት ታወልቃላችሁ፣ ሰብሉም ይቀየራል። ላይ ገብስና ስንዴ ያያችሁ ሰዎች ታች ማሽላ ውስጥ ትገባላችሁ።

መንገድ ላይ ሐረጎን ችላ አትበሉ። ጠመዝማዛው ላይ ሚኒባሱ በፍጥነት ያልፋል፤ ሹፌሩን ለምናችሁ ከምትወርዱ ባጃጅ ወይም የራሳችሁን መኪና ይዛችሁ መምጣቱ ይሻላል። ከላይ ሆናችሁ ሸለቆውን ስታዩ የፋብሪካዎቹ ጣሪያና ማሳዎቹ እንዴት እንደተሰፉ ይገባችኋል። እዚያ የሚነሳው ፎቶ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው፤ ሁሉም ነገር ያንሳል። ለዕቅድ ግን ከካርታ ይበልጣል።

ከየት ልጀምር፣ የት ላቁም?

ከከተማው መሐል ጀምሩና ወንዙ ወደሚወርድበት፣ ወደ ሐርቡ አቅጣጫ ሂዱ። ወንዙን እንደ ክር ያዙት እንጂ ዳሩ ላይ ብቻ አትለጠፉ። መስኖ ያለበት ጓሮ ሲመጣ በመተላለፊያው ዙሩ፤ የሰው ቡቃያ ረግጦ የተነሳ ፎቶ አይጥምም፣ ባለቤቱም አይምራችሁም። ግማሽ ቀን ይበቃል። ርቀቱን ለመጨረስ አትሩጡ፤ አንድ ጥሩ መታጠፊያ ላይ ሁለት ሰዓት መቆም ሙሉውን መንገድ ከመሄድ የበለጠ ያስገኛል።

የትኛው ወቅት ይሻላል?

እኔን ከጠየቃችሁ ኅዳርና ታኅሣሥ። ግን እያንዳንዱ ወቅት የራሱ ነገር አለው።

መስከረምና ጥቅምት ላይ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነው። በማሳው መሐል በምታልፈው የእግር መንገድ ስትሄዱ ፋብሪካው ጨርሶ ይጠፋል፤ ድምፁን ትሰማላችሁ እንጂ አታዩትም። ከዚያ መንገዱ ሲገለጥ የጭስ ማውጫው ጫፍ ከማሽላው ራስ በላይ ብቅ ይላል። ይቺ ቅጽበት ለእኔ ከየትኛውም ሰፊ እይታ ትበልጣለች። ፍሬው ሲያሽት ደግሞ ማማው ይሠራል። አራት እንጨት፣ ላዩ ላይ የቅርንጫፍ ወለል፣ ከላዩ ወንጭፍ የያዘ ልጅ። ወንጭፉን አዙሮ ሲለቅ ወፎቹ እንደ አንድ ሆነው ይነሳሉ። ከኋላ የፋብሪካው የውሃ ታንከር በብረት እግሩ ቆሟል። ማማና ታንከር፣ ሁለቱም እግራቸው አራት ነው። ይህን ማንም አላዘጋጀላችሁም፤ ቦታችሁን መርጣችሁ መቆም ብቻ ነው የእናንተ ሥራ።

ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳውና ውቂያው ነው። ማሳው ስለሚከፈት ፋብሪካው እስከ እግሩ ይታያል። አውድማ ላይ በሬዎች ሲዞሩ፣ ገለባው በንፋስ ሲበተን፣ ከኋላ እንፋሎት ሲወጣ ሁለቱም ነጭ ብናኝ አየር ላይ ይሆናሉ። ሰማዩም ጥርት ያለ ነው።

ጥርና የካቲት አቧራማ ነው። ቀለሙ ሁሉ ወደ ቡኒ ይሄዳል፤ ጥቁርና ነጭ ለሚወዱ ይመቻል። በልግ ከመጣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ አረንጓዴ ይመለሳል፣ ካልመጣ ግን ማሳው ባዶውን ነው። በልግ ደግሞ ሰው የሚኖርበት ነገር ነው፤ ዝናብ የቀረበት ማሳ ላይ ለመልክዓ ምድር ብላችሁ ስትቆሙ ባለቤቱ ምን እያየ እንደሆነ አስቡ።

ክረምት ጭቃ ነው። ወንዙም በድንገት ይሞላል፤ እናንተ ጋ ሳይዘንብ ደሴ ላይ ዘንቦ ሊመጣ ይችላል። ቢሆንም ደመናማ ቀን ለፋብሪካ ሕንፃ ግሩም ብርሃን ነው። ጀርመናውያኑ ባልና ሚስት በርንድ እና ሂላ ቤኸር ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውሃ ማማዎችንና የብረት ማቅለጫዎችን ሲያነሱ የሚመርጡት እንዲህ ያለውን ጥላ የሌለበት ግራጫ ሰማይ ነበር። ፀሐይ ስትጠፋ የብረቱና የግድግዳው ቅርጽ ብቻውን ይናገራል።

ሰዓቱስ?

ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል። ከሰዓት ከ10 ሰዓት በኋላ። ኮምቦልቻ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነች ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ የምትገባው ስልካችሁ ላይ ከተጻፈው ሰዓት ቀድማ ነው። በስልኩ ሰዓት ተማምኖ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ጥላ ብቻ ያገኛል።

ጠዋቱን የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለ። ብርድ ሲሆን የቦይለሩ እንፋሎት ቶሎ ስለሚጤዝ ወፍራምና ነጭ ሆኖ ይታያል። ቀትር ላይ ያው ቦይለር እየሠራ ምንም የሚታይ ነገር ላይኖር ይችላል። ፈረቃ የሚቀየረውም ጠዋት ነው። ሌሊት ሠርተው የሚወጡ ሰዎችና በሬ ነድተው ወደ ማሳ የሚሄዱ ሰዎች አንዲት መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። አንዱ ሊተኛ፣ ሌላው ሊጀምር።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያስተውልም። እኛ ያለንበት ኬክሮስ 11 ዲግሪ ሰሜን ነው። ስለዚህ ከሚያዝያ 10 ግድም እስከ ነሐሴ 19 ግድም ቀትር ላይ ፀሐይዋ የምትቆመው በስተሰሜን ነው፤ ጥላም ወደ ደቡብ ይወድቃል። በበጋ ጥላ ውስጥ ሆኖ ያስቸገራችሁ የፋብሪካ ሰሜናዊ ግድግዳ በክረምት መግቢያ ብርሃን ያገኛል። ያው ቦታ ላይ ቆማችሁ ሌላ ፎቶ ታነሳላችሁ።

ካሜራ የለኝም፤ ስልክ ይበቃል?

ይበቃል። መጀመሪያ ሌንሱን ጥረጉት። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም፤ ኪስ ውስጥ የዋለ ስልክ ሌንሱ በጣት ቅባት ይሸፈናል፣ ወደ ፀሐይ ሲዞር ሁሉንም ነገር ጭጋግ ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ በጣት ዙም አታድርጉ። ስልኩ ሩቁን የሚያጎላ ሁለተኛ ሌንስ ካለው በእሱ አንሱ፣ ከሌለው አንሱና በኋላ ቁረጡ። ሦስተኛ፣ ስክሪኑን ሰማዩ ላይ ተጭናችሁ ብርሃኑን ቆልፉ፣ ከዚያ ፎቶውን አስተካክሉ።

የስልክ ትልቁ ድክመት ብዙ ቦታ የሚያስገባው ሰፊ ሌንሱ ነው። ፋብሪካውን ያሳንሰዋል። ይህ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ይወስደናል።

በዓይኔ ሳየው ፋብሪካው ገበሬው ላይ የተጫነ ይመስላል። ፎቶው ላይ ግን ጥርስ መጎርጎሪያ ያክላል። ለምን?

በጣም ቀርባችሁ ስለምትቆሙ። ተፈጥሯዊ የሆነው ነገር ወደ ሰውየው መጠጋት ነው፤ እዚህ ግን ወደ ኋላ መሄድ ነው የሚያዋጣው።

በቁጥር እንየው። እንበል ጭስ ማውጫው 40 ሜትር ቁመት አለው፤ ከእናንተ 1,000 ሜትር ይርቃል። ገበሬው ቁመቱ 1.70 ሲሆን 20 ሜትር ላይ ያርሳል። በዚህ ሁኔታ ፎቶው ላይ ሰውየው የጭስ ማውጫውን እጥፍ ያህል ይሆናል። አሁን 80 ሜትር ወደ ኋላ ሂዱ። ሰውየው 100 ሜትር ላይ ሆነ፣ ጭስ ማውጫው 1,080 ሜትር። ሰውየው በአምስት እጥፍ አነሰ፣ ጭስ ማውጫው ግን የቀነሰው እዚህ ግባ የማይባል ነው። አሁን ጭስ ማውጫው ከሰውየው ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ። ከዚያ በረጅም ሌንስ፣ በ135 ወይም በ200 ሚሊ ሜትር፣ ስባችሁ ታነሳላችሁ።

ሌንሱ ነገሮችን ያቀራርባል የሚባለው ትክክል አይደለም። ያቀራረበው እግራችሁ ነው። ሌንሱ የመረጣችሁትን ቆርጦ ማሳየት ብቻ ነው የሠራው።

ይህ ጉልበት ነው፤ ስለዚህ ታማኝነትም ይጠይቃል። አንድ ኪሎ ሜትር የሚርቅ ፋብሪካ የሰውየው ትከሻ ላይ የተቀመጠ ማስመሰል ትችላላችሁ። በዚያው ልክ ሰፊ ሌንስ ይዛችሁ ወደ ሰውየው በመጠጋት ትልቁን ፋብሪካ ማጥፋት ትችላላችሁ። እኔ እዚያው ማሳ ላይ ሁለቱንም አነሳለሁ፤ ለማን እንደማሳይ በኋላ እወስናለሁ።

የቆርቆሮው ነጸብራቅና ጭሱ አስቸገረኝ።

አዲስ ቆርቆሮ ጣሪያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ መስታወት ነው። ጥቂት እርምጃ ወደ ጎን ስትሄዱ ነጸብራቁ ይጠፋል፤ ካልጠፋ ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱት፤ ለጠቆረው ማሳ በኋላ ብርሃን መጨመር ይቻላል፣ የነጣውን ጣሪያ ግን ማንም አይመልሰውም። ጭስን በተመለከተ ደንቡ ቀላል ነው፦ ነጭ እንፋሎት ከሆነ ከኋላው ጥቁር ተራራ እንዲሆን ቁሙ፣ ጥቁር ጭስ ከሆነ ከኋላው ሰማይ ይሁን። ነጭን በነጭ ላይ አንስቶ «ጭሱ አልታየም» ማለት ያለ ነገር ነው። በደን የተሸፈነው የየጎፍ ተራራ ለነጭ እንፋሎት ግሩም ጀርባ ነው።

ጥበቃው «ማንሳት ክልክል ነው» አለኝ። መብት አለው?

በግቢው ውስጥ አዎ። ከግቢው ውጪ ክርክሩ ሌላ ነው። ቢሆንም ጥበቃ ጋር ተከራክሮ ጥሩ ፎቶ ይዞ የሄደ ሰው አላየሁም። ሰውየው የታዘዘውን ነው የሚሠራው። አንድ ነገር ከጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነው፣ እናንተን ደግሞ አያውቃችሁም።

የሚሠራው ይህ ነው። ካሜራውን ከማውጣታችሁ በፊት ቀርባችሁ ሰላም በሉ። «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? እዚያ ማሳ ላይ ሆኜ አገሩን ላነሳ ነው፤ ጭስ ማውጫው ከኋላ ይታያል» በሉት። ያነሳችሁትን አሳዩት። አብዛኛው ጊዜ «ከአጥሩ ራቅ በልና አንሳ» ይላል፣ ለእናንተም የሚያስፈልጋችሁ ያው መራቅ ነበር። እምቢ ካለ አብሽር፣ ተመስግኖ ይታለፋል። ወንዙ ረጅም ነው።

ውስጥ ገብታችሁ ማንሳት ከፈለጋችሁ የፋብሪካውን የሕዝብ ግንኙነት ክፍል በደብዳቤ ጠይቁ። ደብዳቤው ላይ ፎቶው ለምን እንደሚውል በግልጽ ጻፉ። መልስ ሊዘገይ ይችላል፤ ስልክ ደውላችሁ አስታውሱ።

በፍጹም የማይነኩ ነገሮች አሉ፦ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ኬላ፣ ወታደር፣ የጸጥታ ኃይል መኪና። ድልድይም ቢሆን ጥያቄ ያስነሳል። ፎቶው ውስጥ በጥግ በኩል ገብቶ የተገኘ ወታደር ቀኑን ሙሉ ሊያስውላችሁ ይችላል። ስለ ድሮን የሚጠይቀኝም ብዙ ነው። ከሚመለከታቸው፣ ከኢንሳ (ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር) እና ከሲቪል አቪዬሽን፣ ፈቃድ ሳይዙ ድሮን ማስነሳት አይታሰብም፤ አውሮፕላን ማረፊያ ባለበት ከተማ ደግሞ ጭራሽ።

ጸጥታውስ?

የትናንት መረጃ ለዛሬ አይሆንም። የዚያኑ ቀን ጠዋት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፣ ለቀበሌው አሳውቁ፣ መታወቂያ ያዙ፣ ብቻችሁን አትሂዱ፣ ሳይመሽ ተመለሱ። ሰው «ዛሬ ይቅርባችሁ» ካለ ይቅርባችሁ።

ሰው ሳስፈቅድ ፎቶው ይበላሻል። ሳላስፈቅድ ባነሳስ?

መጀመሪያ ሕጉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ አደባባይ ላይ ማሳየት፣ ማባዛትም ሆነ መሸጥ አይቻልም ይላል። አንቀጽ 28 ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ የታወቀ ሰው ሲሆን፣ ለፍትሕ ሥራ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም፣ እንዲሁም በአደባባይ የተደረገ ሁነት ሲሆን። ማሳ የሚያርስ ሰው አደባባይ ላይ ያለ ሁነት አይደለም። ሥራውን እየሠራ ነው።

ሕጉን ትተን ባህሉን ብናይም መልሱ ያው ነው። «አሰላሙ አለይኩም» ወይም «እንደምን ዋላችሁ» ሳይሉ ማሳ ጥግ ካሜራ መደቀን ነውር ነው። አውድማ ላይ ከደረሳችሁ «በረከት ያድርገው» በሉ። ቁጭ በሉ ከተባላችሁ ቁጭ በሉ። ቡና ከተፈላ ደግሞ ጊዜያችሁን አትቁጠሩ፤ ሦስተኛው ስኒ ሳይወርድ ሰው ካሜራውን ይረሳዋል፣ የምትፈልጉት ያልተዘጋጀ ፎቶም ያኔ ይመጣል። ሴቶችን በተለይ ጠይቁ። እምቢ ካለች እምቢ ነው፤ ባሏን ወይም ወንድሟን በማስፈቀድ አይዞርም።

ከፋብሪካ የሚወጡ ወጣት ሴቶች ላይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። አንገታቸው ላይ ባጅ አለ። ባጁ ላይ ስምና የድርጅቱ ምልክት አለ። እናንተ «ድካም» ብላችሁ የለጠፋችሁት ፎቶ አለቃዋ ስልክ ላይ ከደረሰ የሚከፈለው በእሷ ነው። ባጁ ከታየ ወይ አትልቀቁት፣ ወይ አስፈቅዱና ባጁን ገልብጣ ትቁም።

ገንዘብ መስጠትን አልመክርም። ፎቶውን አሳጥቦ መውሰድ ግን ይሻላል። ከተማ ውስጥ ታሳጥባላችሁ፣ በሚቀጥለው ስትሄዱ ታደርሳላችሁ። ከዚያ በኋላ በዚያ መንደር እንግዳ አትሆኑም።

ሁሉም ሰው በሬና ጭስ ማውጫ ነው የሚያነሳው። ከዚህ ምን የተለየ ነገር አለ?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የምወደው ይህ ነው።

በሬ ከፊት፣ ጭስ ማውጫ ከኋላ የሆነው ፎቶ ቶሎ ይገባል፤ ቶሎም ይሰለቻል። «ድሮና ዘንድሮ» ይላል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ችግሩ ገጠሩን ድሮ፣ ፋብሪካውን ዘንድሮ ማድረጉ ነው። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ የደርግ ዘመን ፋብሪካ ነው፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ደግሞ የተመረቀው ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው። ፓርኩን በዕድሜ የሚበልጡ በሬ ነጂዎች ብቻ ሳይሆኑ በዕድሜ የሚበልጡት ፋብሪካዎችም እዚህ አሉ። ማሳው ላይ ያለው ልጅ ደግሞ ስልክ አለው፣ ዘፈን ከፍቶ ነው የሚያርሰው። የትኛው ነው ድሮ?

እኔ የምፈልገው ሁለቱ የተጣበቁበትን ቦታ ነው። ቦታው ትንሽ ነው፣ ጎንበስ ማለት ይጠይቃል።

የገበሬውን ቤት ጣሪያ ተመልከቱ። ኮምቦልቻ ቆርቆሮና ሚስማር የሚያመርት የብረታ ብረት ፋብሪካ አለ። ከወንዙ ወዲህ የሚታየው ጣሪያና ከወንዙ ማዶ ያለው ፋብሪካ ዘመዳሞች ሊሆኑ ይችላሉ። ቆዳ ፋብሪካው የሚያለፋው የእነዚሁ ገበሬዎች በግና ፍየል የለበሰውን ነው። ቢራ ተጠምቆ የሚተርፈው የገብስ አተላ የወተት ላም መኖ ይሆናል፤ ጋሪ ላይ እየተንጠባጠበ ሲሄድ ሽታው ከሩቅ ይታወቃል፣ ጎምዘዝ ያለ ነው፣ ላሟም ገና ጋሪው ሳይቆም ትጣራለች። አውድማው ላይ የተነጠፈውን ማዳበሪያ ገልብጡት፤ የዱቄት ፋብሪካ ጽሑፍ ታገኙበት ይሆናል። የከብት ማሰሪያውም የጨርቅ ፋብሪካ ብጣሽ ሊሆን ይችላል።

ሰውም እንደዚያው ነው። ከቃሉ ወረዳ ገጠር መጥታ ኮምቦልቻ ቤት ተከራይታ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ በአጨዳ ሰሞን የዕረፍት ቀኗን ቤተሰቧ ማሳ ላይ ነው የምታሳልፈው። ማጭድ የያዘ እጅ ላይ ቀለም የተቀባ ጥፍር ታያላችሁ። ይህቺ እጅ ብቻዋን፣ ያለ በሬ፣ ያለ ጭስ ማውጫ፣ የኮምቦልቻን ነገር ትናገራለች። ፊት አያስፈልግም።

እርግጥ መጋጨትም አለ። መሬቱ ለፋብሪካ የተወሰደበት ገበሬ አለ፤ ካሳው ያነሰበት አለ። እሱን ለማሳየት ግን ከርቀት አንስቶ ማዘን አይበቃም። አጥሩ ጋ አብራችሁት ሂዱ፣ የድሮ ወሰኑ የት እንደነበር በእጁ ያሳያችሁ። የሚጠቁመው እጅና አጥሩ አንድ ፎቶ ውስጥ ይግቡ።

የወንዙን ብክለት ማንሳት እፈልጋለሁ። እንዴት?

በጥንቃቄ፣ ሁለት ዓይነት ጥንቃቄ።

አንደኛው የፎቶ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ወደ ቦርከና በሚገቡ ትናንሽ ወንዞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ክሮሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። ክሮሚየም ቆዳ ለማልፋት የሚውል ነው። ግን ይህ በዓይን አይታይም። የሚታየው አረፋ ደግሞ የፋብሪካ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ልብስ የሚያጥቡ ሰዎችም አሉ፣ ከላይ ደግሞ የደሴ ቆሻሻ ይመጣል። ቀይ ውሃ በክረምት አፈር ነው። ስለዚህ ፎቶው ሥር የምትጽፉት ያያችሁትን ይሁን፦ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከየትኛው ቱቦ ምን ዓይነት ውሃ እንደወጣ። «መርዝ» የምትለው ቃል የላቦራቶሪ ናት፣ የካሜራ አይደለችም። ሳቹሬሽኑንም አትጨምሩ፤ አንድ ጊዜ ቀለም እንደጨመራችሁ ከታወቀ እውነተኛውንም የሚያምናችሁ የለም።

ጠንካራው ፎቶ ብዙ ጊዜ ከቱቦው ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለው ነው። ሰው ከብት የሚያጠጣበት፣ ጓሮ የሚያጠጣበት። ውሃው ምን እንደያዘ ባይታይም ማን እንደሚጠቀምበት ይታያል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የጤና ነው። ውሃው ውስጥ አትግቡ። ከብክለቱ ሌላ በቦርከና አካባቢ ቢልሃርዚያ አለ። ለዝቅተኛ እይታ ብላችሁ ጫማ አውልቃችሁ መቆም አያዋጣም።

የባቡር ሐዲዱስ?

ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መስመር ነው። የገነባው የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ ነው። ለፎቶ አመቺ ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር ባልተስተካከለ ማሳ ውስጥ። በዚያው ልክ ሁሉም ያነሳዋል። ሐዲዱ ላይ መሄዱን ተዉት፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶው ራቁ፤ ከማሳው በኩል ሆናችሁ ሰው የሚሻገርበትን ቦታ ጠብቁ።

በጦርነቱ የተጎዳ ሕንፃ ካገኘሁ ላንሳ?

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ ኮምቦልቻና ደሴ ጦርነት ደርሶባቸዋል፤ ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። የሕንፃው ግድግዳ ለእናንተ የፎቶ ቀለም ነው፣ እዚያ ለሚሠራው ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ጠይቁ። መናገር የማይፈልግ ሰው ካለ አትቆስቁሱ።

ምን ልያዝ?

ጭቃ የሚችል ጫማ፣ ውሃ፣ ኮፍያ፣ ትርፍ ባትሪ፣ ካሜራ የሚሸፍን ፌስታል፣ ሌንስ መጥረጊያ። ከመሸ የወባ ትንኝ አለ፤ ከደሴ የምትወርዱ ሰዎች ይህን ትረሳላችሁ። የካሜራ ማቆሚያውን፣ ትሪፖዱን፣ ተዉት። ሰው ይሰበስባል፣ ጥበቃውንም ያስነሳል።

ብዙ አንስቻለሁ፤ ስለጥፍ እንዴት ልምረጥ?

ማሳ፣ ፋብሪካ፣ ማሳ፣ ፋብሪካ እያላችሁ አትደርድሩ። ወንዙ እንደሚወርድ ደርድሩት፤ ከላይ የተነሳው ይቅደም፣ ታች የተነሳው ይከተል። ተመልካቹ ሳይነገረው አብሯችሁ ይወርዳል። ሁለት ተመሳሳይ ፎቶ ካላችሁ ሰው ያለበትን ያዙ። ሁለቱም ሰው ካላቸው ጀርባው የሚታይበትን ጣሉ።

ቴሌግራም ላይ ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቅና ማሽላው ሁሉ አረንጓዴ ሙጫ ይሆናል። የሰው ቤት የሚታይበት ፎቶ ላይ የቦታውን ምልክት አጥፉ። ላሳጠባችሁለት ሰው ግን ስሙንና የመንደሩን ስም ከጀርባው ጻፉለት፤ ባጃጅ ሹፌሩ የሚያደርሰው በዚያ ነው።